የጉልላቱ ሠሪ ፊሊፖ ብሩኔለስኪ (1377 – 1446)

በዚህ እትም የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን የምናስተዋውቃችሁ ፊሊፖ ብሩኔለስኪ የተባለውን ጣሊያናዊ የሕንፃ ጥበብ ሰው ነው። ከመካከላችሁ ሥዕል መሣል የሚወድ፣ በጭቃ ቤትና መኪና መሥራት የሚወድ፣ ወይም ግንበኛ ሆኖ ቤት ማቆም የሚመኝ ካለ ይህን ታሪክ በጥሞና እንዲያነብ እንመክራለን። ብሩኔለስኪ የሚታወሰው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው፣ ርቀትና ጥልቀት ያለውን ነገር በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በትክክል መሣል የሚቻልበትን መንገድ ማሳየቱ ነው። ሁለተኛው፣ ማንም ሊሠራው ያልቻለውን ትልቅ ጉልላት በመጀመሪያ በትንሽ ሞዴል፣ ከዚያም በእውን ሠርቶ ማቆሙ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ብሩኔለስኪ በ1377 በጣሊያን አገር በፍሎረንስ ከተማ ተወለደ። አባቱ የታወቀ ውል አዋዋይ ነበር። በዚያ ዘመን የውል አዋዋይ ልጅ ውል አዋዋይ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህ አባቱ ማንበብና መጻፍ፣ ሒሳብና ጥቂት ላቲን አስተማረው። ልጁ ግን ልቡ ከወረቀቱ ይልቅ ወደ እጅ ሥራ ያደላ ነበር። ይሥላል፣ ይቀርጻል፣ የተበላሸ ነገር ይፈታና መልሶ ይገጥማል። አባቱም የልጁን ዝንባሌ ባየ ጊዜ አልከለከለውም፤ ከወርቅ አንጥረኛ ዘንድ እንዲማር ፈቀደለት።

የወርቅ አንጥረኛ ቤት ትምህርት ለእሱ ትልቅ ትምህርት ቤት ሆነለት። አንጥረኛ ከመሥራቱ በፊት ይሥላል፤ ከሣለ በኋላ በሰም ወይም በሸክላ ጭቃ ትንሽ ምስል ያበጃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ውዱን ብረት የሚያቀልጠው። ወርቅና ብር ውድ ስለሆኑ ስሕተቱ ሁሉ አስቀድሞ በሰሙና በጭቃው ላይ ማለቅ አለበት። ይህ ልማድ በብሩኔለስኪ እጅ ዕድሜውን ሙሉ አልጠፋም። ሰዓት መሥራትም ስለሞከረ ጥርስ ያለው መዘውር፣ ክብደትና ገመድ እንዴት እንደሚሠሩ አወቀ። በ1398 ወርቅ አንጥረኞችን በሚያቅፈው በሐር ሙያተኞች ማኅበር ውስጥ ተመዘገበ፤ በ1404 በዚሁ ማኅበር ሙሉ የወርቅ አንጥረኛነት ማዕርግ አገኘ።

የነሐሱ በር ውድድር

በ1401 በፍሎረንስ ትልቅ ውድድር ታወጀ። ከከተማዋ ዋና ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ሕፃናት የሚጠመቁበት ስምንት ማዕዘን ያለው ክርስትና ቤት አለ። ለዚህ ቤት የነሐስ በር የሚሠራ ሰው ይፈለግ ነበር። ለመጨረሻው ውድድር ሰባት ሰዎች ተመረጡ። ለእያንዳንዱ እኩል ነሐስና የአንድ ዓመት ጊዜ ተሰጠው፤ ሁሉም አብርሃም ልጁን ይስሐቅን ሊሠዋ ሲል መልአክ የከለከለበትን ታሪክ በአንድ ሰሌዳ ላይ እንዲቀርጹ ታዘዙ።

በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ቀሩ፤ ብሩኔለስኪና ሎሬንሶ ጊቤርቲ። ሁለቱም ገና ሃያዎቹን ያጋመሱ ወጣቶች ነበሩ። የብሩኔለስኪ ሥራ ኃይል ነበረው። አብርሃም የልጁን አንገት ይዞ ቢላዋውን ሲያስጠጋ፣ መልአኩ እጁን ጨብጦ ሲያቆመው ይታያል። ነገር ግን ምስሎቹን ለየብቻ ሠርቶ በሰሌዳው ላይ ስላያያዛቸው ሥራው ከባድ ሆነ፤ ብዙ ነሐስም ፈጀ። ጊቤርቲ ግን አብዛኛውን ክፍል በአንድ ጊዜ አቅልጦ ስላፈሰሰው ሥራው ቀላልና ለስላሳ ሆነ፤ ነሐስም ቆጠበ። ሥራው ለጊቤርቲ ተሰጠ። ጊቤርቲ ራሱ በጻፈው ላይ ሁሉም ዳኞች እሱን እንደመረጡ ተናግሯል። የብሩኔለስኪን የሕይወት ታሪክ የጻፈው አንቶኒዮ ማኔቲ ግን ዳኞቹ ሁለቱ አብረው እንዲሠሩ ጠይቀው ብሩኔለስኪ እምቢ እንዳለ ይተርካል። ተማሪዎች ሆይ፣ አንድን ነገር ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ ሲተርኩት ሁለቱንም ማዳመጥ ተገቢ መሆኑን ከዚህ ተማሩ። ሁለቱ የውድድር ሰሌዳዎች ዛሬም በፍሎረንስ ባርጄሎ በሚባለው ቤተ መዘክር ጎን ለጎን ይታያሉ።

በሮም ፍርስራሽ መካከል

ማኔቲ እንደሚተርከው ብሩኔለስኪ ከዚህ ሽንፈት በኋላ ወደ ሮም ሄደ። አብሮት የሄደው ከእሱ በዕድሜ የሚያንሰው ዶናቴሎ ነበር፤ ኋላ እጅግ የታወቀ ቀራፂ ሆኗል። ሮም በዚያን ጊዜ በጥንታዊ ፍርስራሾች የተሞላች ከተማ ነበረች። ሁለቱ ወጣቶች የወደቀውን ዓምድ ሲለኩ፣ የተቀበረውን መሠረት ሲያስቆፍሩ ይውላሉ። ያዩአቸው ሰዎች እነዚህ የተቀበረ ሀብት ፈላጊዎች ናቸው እያሉ ያሟቸው ነበር። የሚፈልጉት ግን ወርቅ አልነበረም። የሚፈልጉት የዓምዱ ቁመት ከውፍረቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ ቅስቱ ሳይወድቅ እንዴት እንደቆመ፣ ግድግዳው ስንት ክንድ እንደሆነ ነበር።

እዚህ ላይ የመለካትን ጥቅም ልብ በሉ። አንድን ሕንፃ ከሩቅ አይቶ ማድነቅ ቀላል ነው፤ መልሶ ለመሥራት ግን መለካት ያስፈልጋል። ብሩኔለስኪ የለካውን በብራና ቁራጭ ላይ በቁጥርና በምልክት ይመዘግብ ነበር። አሥር ክንድ የሆነውን ግድግዳ በአሥር ትናንሽ ካሬዎች መሣል ይቻላል። ይህ ዛሬ ስኬል የምንለው ነው። በስኬል የተሣለ ነገር በሄደበት አገር ሁሉ ሊነበብ ይችላል።

በሮም ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ ግንበኞችን እጅግ የሚያስደንቀው ፓንቴዮን የሚባለው ነበር፤ ዛሬም ቆሟል። ይህ ሕንፃ በሁለተኛው መቶ ዓመት የተሠራና 43 ሜትር ስፋት ያለው ጉልላት የተደፋበት ነው። ያን የሚያህል ጉልላት የመሥራት ጥበብ በአውሮፓ ከጠፋ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ሰሌዳው፣ መስተዋቱና ትንሿ ቀዳዳ

አሁን ወደ ሥዕሉ እንምጣ። እናንተ በሁለት የቤት ረድፎች መካከል ባለ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ቆማችሁ ወደ ፊት ብትመለከቱ ምን ታያላችሁ? መንገዱ ስፋቱ አንድ ዓይነት መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ለዓይናችሁ ግን እየጠበበ ሄዶ በሩቅ በአንድ ነጥብ ላይ የሚያልቅ ይመስላል። የጣራዎቹ ጫፎች ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ የመሬቱ ጠርዝ ወደ ላይ ይወጣል። ሁሉም የሚገናኙት በዓይናችሁ ትክክል ባለው ከፍታ ላይ ነው። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ምሰሶዎች ቢኖሩና አንዱ በእጥፍ ርቀት ላይ ቢቆም፣ የሩቁ ምሰሶ ቁመት ለዓይን ግማሽ ይሆናል።

ይህን ሰዎች ሁሉ ያያሉ። ከብሩኔለስኪ በፊት የነበሩ ሠዓሊዎችም ያዩ ነበር፤ የሚሥሉት ግን በግምት ነበር። በብዙ አገሮች ሥዕል፣ በእኛም አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ የሰው መጠን የሚወሰነው በርቀቱ ሳይሆን በክብሩ ነው፤ ቅዱሱ ትልቅ፣ አገልጋዩ ትንሽ ሆኖ ይሣላል። ይህም የራሱ የሆነ ዓላማና ውበት ያለው አሣሣል ነው። ብሩኔለስኪ ያቀረበው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ አንድ ሰው በአንድ ቦታ ቆሞ በአንድ ዓይኑ የሚያየውን በሒሳብ ለክቶ መሣል ይቻላል ወይ? የሚል ነው።

ይህን ለማሳየት በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ ሙከራ አደረገ። በዋናው ቤተ ክርስቲያን በር ውስጥ ጥቂት ክንድ ገባ ብሎ ከፊት ለፊቱ የሚታየውን ክርስትና ቤት በትንሽ ሰሌዳ ላይ ሣለ። ሰሌዳዋ በየጎኗ ግማሽ ክንድ፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበረች። ሰማዩን ግን በቀለም አልሣለውም፤ በዚያ ቦታ የተወለወለ ብር አደረገበት። ቀጥሎም በሰሌዳዋ ላይ ቀዳዳ በሳ። ቀዳዳዋ በሥዕሉ በኩል እንደ ምስር ፍሬ ጠባብ፣ በጀርባው በኩል ሰፊ ነበረች። ተመልካቹ ሰሌዳዋን በጀርባዋ ከዓይኑ ጋር አስጠግቶ ይይዛል፤ በሌላው እጁ መስተዋት ከፊት ለፊቷ ያቆማል፤ በቀዳዳዋም በኩል በመስተዋቱ ውስጥ ሥዕሉን ያያል። መስተዋቱን ዝቅ ሲያደርገው እውነተኛውን ክርስትና ቤት ያያል፤ ከፍ ሲያደርገው ደግሞ ሥዕሉን። ሥዕሉና ሕንፃው አንድ ይመስላሉ። በብሩ ላይ ደግሞ እውነተኛው ደመና በነፋስ ሲሄድ ይታያል።

ቀዳዳዋ ለምን አስፈለገች? ምክንያቱም እንዲህ ያለው ሥዕል ትክክል የሚሆነው ሠዓሊው ከቆመበት ቦታ ሲታይ ነው። ቀዳዳዋ የተመልካቹን ዓይን በትክክለኛው ስፍራ ታስቀምጠዋለች። ብሩኔለስኪ የከተማዋን ቤተ መንግሥትና አደባባዩን የሚያሳይ ሁለተኛ ሰሌዳም ሣለ። ሁለቱም ሰሌዳዎች ዛሬ የሉም። ማኔቲ ግን የመጀመሪያዋን በእጁ ይዞ እንዳያት መስክሯል።

ይህ የአሣሣል ስልት ፐርስፔክቲቭ ይባላል። ወጣቱ ሠዓሊ ማሳቾ በ1427 ገደማ በፍሎረንስ በሚገኘው በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥላሴን ሲሥል በዚሁ ስልት ተጠቀመ፤ ጠፍጣፋው ግድግዳ ወደ ውስጥ የገባ ክፍል መሰለ። ሌዎን ባቲስታ አልቤርቲ የተባለ ምሁር በ1435 ስልቱን በመጽሐፍ አብራርቶ ጻፈ፤ የጣሊያንኛውንም ቅጂ ለብሩኔለስኪ መታሰቢያ አደረገው። ከዚያ በኋላ ስልቱ በአውሮፓ ሁሉ ተሰራጨ። ዛሬ አንድ አርክቴክት ገና ያልተሠራን ቤት ሠርቶ እንዳቆመው አስመስሎ በወረቀት ላይ ሲያሳይ የሚጠቀመው በዚሁ ስልት ነው።

ጣራ ያጣው ቤተ ክርስቲያን

የፍሎረንስ ዋና ቤተ ክርስቲያን ሥራ የተጀመረው በ1296 ነው። የከተማው ሰዎች በ1367 አንድ ትልቅ ሞዴል አጸደቁ። ሞዴሉ የሚያሳየው በስምንት ማዕዘን ግድግዳ ላይ የተደፋ ግዙፍ ጉልላት ነበር። ከውጭ በኩል ግድግዳውን የሚደግፍ ምንም ዓይነት የድንጋይ ክንድ እንዳይኖር ተወሰነ። ግድግዳው እያደገ ሄደ፤ ስምንት ማዕዘኑም ተጠናቀቀ። ነገር ግን 44 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን፣ ከምድር ከ50 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ያን ክፍት ቦታ እንዴት እንደሚሸፍኑት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አባቶች ልጆቻቸው መላ እንደሚያገኙ ተስፋ አድርገው ጀመሩት፤ ልጆቻቸውም ዝናብ የሚገባበት ቤተ ክርስቲያን ተረከቡ።

ችግሩ ሁለት ነበር። የመጀመሪያው ቅስት ወይም ጉልላት ሲሠራ እስኪያልቅ ድረስ ከታች የሚሸከመው የእንጨት ድጋፍ ያስፈልገዋል። ለዚህ ስፋትና ከፍታ የሚበቃ እንጨት ማግኘት ደግሞ እጅግ ከባድ ነበር። ሁለተኛው ጉልላት በራሱ ክብደት ታችኛውን ክፍሉን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ካልታሰረ ይሰነጠቃል። በአንድ ወቅት አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን በአፈር እንሙላው፣ በአፈሩ ውስጥ ሳንቲም እንቅበር፣ ሥራው ሲያልቅ ሕዝቡ ሳንቲሙን ፍለጋ አፈሩን ያወጣልናል ብሎ ሐሳብ እንዳቀረበ ይነገራል።

ነሐሴ 19 ቀን 1418 ውድድር ታወጀ፤ ሽልማቱ 200 የወርቅ ፍሎሪን ነበር። ብሩኔለስኪ ያቀረበው ሐሳብ ሁሉንም አስደነገጠ፤ ያለ እንጨት ድጋፍ እሠራዋለሁ አለ። ማኔቲ እንደሚተርከው ይህን ሲናገር እንደ እብድ ተቆጥሮ ከስብሰባው በጉልበት ተወስዶ የወጣበት ጊዜ ነበር።

ሞዴሉ የመሰከረለት

ብሩኔለስኪ በቃል መከራከሩን ትቶ በጡብ አንድ ትልቅ ሞዴል ሠራ። ጓደኛው ዶናቴሎም በሥራው ረዳው። ሞዴሉ ያለ ምንም የእንጨት ድጋፍ ተሠርቶ ቆመ። ዳኞቹ የሚያዩት ወረቀት ሳይሆን በዙሪያው የሚዞሩት፣ በእጃቸው የሚነኩት ነገር ሆነ። በ1420 ሥራው ተሰጠው፤ ሆኖም ሙሉ በሙሉ ስላላመኑት የቀድሞ ተፎካካሪውን ጊቤርቲን ከእሱ ጋር እኩል ሾሙት። ግንባታው ነሐሴ 7 ቀን 1420 ተጀመረ።

ብሩኔለስኪ ሞዴል የሚሠራው በአገኘው ነገር ሁሉ ነበር። ለሹማምንቱ በእንጨትና በጡብ ይሠራል፤ ለግንበኞቹ በሸክላ ጭቃና በሰም ይሠራል። አንድ ድንጋይ እንዴት ተጠርቦ ከሌላው ጋር እንደሚገጥም ለማሳየት ጭቃ ሲያጣ እንደ ቀይ ሥር ያለ ትልቅ የሚበላ ሥር አንሥቶ በቢላዋ ይቀርጽላቸው ነበር። ብዙዎቹ ግንበኞች ንድፍ ማንበብ አይችሉም፤ የተቀረጸውን ሥር ግን በእጃቸው አገላብጠው ሲያዩት ወዲያው ይገባቸዋል። ትልቁን የጉልላት ቅርጽ ለመሣል ደግሞ የሚበቃ ወረቀት ስላልነበረ፣ በአርኖ ወንዝ ዳር አሸዋውን አስደልድሎ በእውነተኛው መጠን ሣለው። ከዚያ ላይ የእንጨት መለኪያ ተቆርጦ ወደ ላይ ይወጣ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞዴል ሁሉን አይናገርም። አንድን ነገር በየጎኑ አሥር ጊዜ ብታሳድጉት ክብደቱ አሥር ጊዜ ሳይሆን ሺህ ጊዜ ይጨምራል፤ የሚሸከመው ምሰሶ የአግድም ቁራጭ ስፋት (ኤሪያ) ግን መቶ ጊዜ ብቻ ያድጋል። ስለዚህ በትንሹ የጠነከረ ገመድ ወይም እንጨት በትልቁ ሊሰበር ይችላል። ይህን ጋሊሌዮ ጋሊሌይ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቶታል። ለጡብና ለድንጋይ ቅስት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቅርጹ ስለሆነ፣ በትንሹ የቆመ ቅርጽ ስለ ትልቁ ብዙ ያስተምራል።

አሥራ ስድስቱ ዓመታት

ብሩኔለስኪ ጉልላቱን ድርብ አድርጎ ሠራው፤ ወፍራም የውስጥ ቅርፊትና ቀጠን ያለ የውጭ ቅርፊት። በመካከላቸው ደረጃ አለ። ስምንት ትላልቅ የጎድን አጥንት የመሰሉ ምሰሶዎች በማዕዘኖቹ ይታያሉ፤ ሌሎች አሥራ ስድስት በውስጥ ተደብቀዋል። ጉልላቱ ወደ ውጭ እንዳይገፋ በብረት የተያያዙ የድንጋይ ቀለበቶችና አንድ የእንጨት ቀለበት በውስጡ አስገባ። እነዚህ ቀለበቶች በርሜልን እንደሚያስሩት ብረቶች ናቸው።

ጡቦቹስ ከምን ይደገፉ ነበር? እርስ በርሳቸው ነዋ። በየመካከሉ አንዳንድ ጡብ በቁሙ ስላስገባ ጡቦቹ የዓሣ አጥንት የመሰለ መልክ ያዙ። የቆሙት ጡቦች አዲስ የተነጠፉት ወደ ውስጥ እንዳይንሸራተቱ ይይዟቸዋል። አንድ ዙር ሲያልቅ ቀለበት ይሆንና ራሱን ችሎ ይቆማል፤ በእሱ ላይ ሌላ ዙር ይጀመራል።

ከባዱን ድንጋይ ወደ ላይ ለማንሣት በበሬ የሚዞር መሣሪያ ሠራ። በውስጡ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች ስላሉት በሬው መዞሪያውን ሳይቀይር ሸክሙ ሲፈለግ ይወጣል፣ ሲፈለግ ይወርዳል። በወጣትነቱ ሰዓት ሲሠራ የተማረው እዚህ ጠቀመው። ሠራተኞቹ ለምግብ ሲወርዱና ሲወጡ ጊዜና ጉልበት እንዳያባክኑ ምግብ የሚዘጋጅበት ቦታ ላይ ድረስ እንዲኖር አደረገ፤ ወይኑም ውኃ ተጨምሮበት እንዲሰጣቸው ተወሰነ።

ከጊቤርቲ ጋር ግን ስምምነት አልነበረም። ማኔቲ እንደሚተርከው አንድ ቀን ብሩኔለስኪ ታምሜአለሁ ብሎ ተኛ። ሠራተኞቹ ጊቤርቲን ምን እንሥራ ቢሉት መልስ አጣ፤ ሥራው ቆመ። ከዚያ በኋላ የሥራው እውነተኛ መሪ ማን እንደሆነ ሁሉም አወቀ። ሆኖም ጊቤርቲ በራሱ ሙያ ታላቅ ሰው እንደነበረ መዘንጋት የለበትም፤ የነሐስ በሮቹ እስከ ዛሬ የሚደነቁ ናቸው።

ብሩኔለስኪ ሁሉ ነገር የተሳካለት ሰው አልነበረም። እብነ በረድ በወንዝ ላይ ለማጓጓዝ ለፈለሰፈው ጀልባ በ1421 ከከተማው መንግሥት ልዩ መብት አግኝቶ ነበር፤ ጀልባው ግን ጭነቱን ይዞ በአርኖ ወንዝ ሰጠመ፤ ገንዘቡም አብሮ ሰጠመ። በ1434 የግንበኞች ማኅበር መዋጮ አልከፈልክም ተብሎ ለጥቂት ቀናት ታሰረ። በዚያው ዓመት እንደ ልጁ ያሳደገው ቡጃኖ የሚባለው ወጣት ገንዘብና ጌጥ ይዞበት ወደ ኔፕልስ ጠፋ፤ ኋላ ግን ተመልሶ አብሮት ሠራ። ብሩኔለስኪ የፈጠራ ሐሳቡን ሰው እንዳይሰርቀው እጅግ ይጠነቀቅ ነበር። ሞዴሎቹን ሲሠራ ዋናውን ግድግዳና ምሰሶ ብቻ እያሳየ ጌጡንና ዝርዝሩን ይተው ነበር። በዚህ ምክንያት እሱ በሌለበት ሠራተኞች የተሳሳቱበት ጊዜ አለ።

ለሕፃናት የተሠራው ቤት

ጉልላቱ ከመጀመሩ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1419፣ የሐር ሙያተኞች ማኅበር ወላጆቻቸው የተዉአቸው ሕፃናት የሚያድጉበት ቤት እንዲሠራ ብሩኔለስኪን አዘዘው። በቤቱ ፊት ለፊት ዘጠኝ ቅስቶች ያሉት በረንዳ አለ። በዚህ በረንዳ የዓምዱ ቁመት፣ በሁለት ዓምዶች መካከል ያለው ርቀትና ከዓምዱ እስከ ግድግዳው ያለው ጥልቀት እኩል ናቸው። ስለዚህ በየዓምዶቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ እንደ ክብሪት ሳጥን ሳይሆን እንደ ዳይ ነው፤ ሁሉም ጎኑ እኩል ነው። ቦታ ራሱ፣ ማለትም በግድግዳና በጣራ መካከል ያለው አየር፣ ቅርጽ እንዳለው ከዚህ በረንዳ የበለጠ የሚያስረዳ ጥቂት ነው። ቤቱ በ1445 የመጀመሪያዋን ሕፃን ተቀበለ። ከዚያ በኋላም ለብዙ መቶ ዓመታት ወላጅ ያጡ ሕፃናትን አሳድጓል።

የመጨረሻ ዓመቶቹ

መጋቢት 25 ቀን 1436 ጳጳስ ኤውጄኒዮስ 4ኛ ቤተ ክርስቲያኑን ባረኩ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጉልላቱ ተዘጋ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ጡብ እንደፈጀ ይገመታል። በጫፉ ላይ ለሚቆመው የእብነ በረድ ማማ እንደገና ውድድር ተደረገ፤ አሁንም የብሩኔለስኪ ሞዴል አሸነፈ። በ1441 በኢየሩሳሌም ከነበረው የኢትዮጵያውያን ገዳም የተላኩ መነኮሳት ለታላቁ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ፍሎረንስ ገብተው ነበር። ዘመኑም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት ነበር። ከተማዋ ሲደርሱ ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ የጠበቃቸው ይህ ጉልላት ነበር።

ብሩኔለስኪ ሚያዝያ 15 ቀን 1446 አረፈ። የማማው ሥራ ሲጀመር ለማየት በቅቷል፤ ሲያልቅ ግን አላየውም። ማማው ትቶት በሄደው ሞዴል መሠረት በ1461 ተጠናቀቀ። ሥርዓተ ቀብሩ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። መቃብሩ የት እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆይቶ በ1972 በቁፋሮ ተገኘ። ጉልላቱ በጡብ ከተሠሩት ሁሉ እስከ ዛሬ ትልቁ ነው፤ 463 ደረጃ ወጥቶ ከላዩ ላይ መቆም ይቻላል።

ውድ ተማሪዎች፣ ብሩኔለስኪ ሲጀምር የነበረው መለኪያ ገመድ፣ ቢላዋ፣ ጭቃና አሸዋ ነው። እነዚህ በአጠገባችን አሉ። ያልነበረን ቤት በልብ አይቶ፣ በአሸዋ ሥሎ፣ በጭቃ አቁሞ ለሌላው ሰው ማሳየት የሚችል ልጅ ነገ የፈረሰውን መልሶ ሊሠራ ይችላል።

መልመጃ

1. የመማሪያ ክፍላችሁን ርዝመትና ስፋት በእርምጃ ለኩ። አንዱን እርምጃ በአንድ ጣት ውፍረት ወክላችሁ የክፍሉን ወለል በአሸዋ ላይ ሣሉ፤ በሩንና መስኮቱን አትርሱ። ከዚያ በዚያው ስኬል ግድግዳውን በጭቃ አቁሙ።

2. በእንጨት ፍሬም ላይ በደንብ የሚያሳይ ንጹሕ ፕላስቲክ ወጥሩ። አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ራሳችሁን ሳታንቀሳቅሱ የምታዩትን ቤት በፕላስቲኩ ላይ በከሰል ወይም በእስክሪብቶ ተከተሉት። ቀጥ ብለው ከእናንተ የሚርቁት መስመሮች የት ይገናኛሉ?

3. የጉልላቱ ስፋት 44 ሜትር ቢሆንና ሞዴሉ መቶ ጊዜ ቢያንስ፣ የሞዴሉ ስፋት ስንት ሴንቲ ሜትር ይሆናል?

4. እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ምሰሶዎች አሉ። አንዱ ከእናንተ 5 ሜትር፣ ሌላው 15 ሜትር ይርቃል። የሩቁ ምሰሶ ከቅርቡ ጋር ሲነጻጸር ለዓይን ስንት እጅ አንሶ ይታያል?

5. ብሩኔለስኪ በሞዴሎቹ ላይ ዝርዝሩን መተዉ ምን ጥቅምና ምን ጉዳት ነበረው? በቡድን ተወያዩበት።